ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «አንድ የመጨረሻ»

ለክቡር «አንድ የመጨረሻ»
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአንድ ቀን ውስጥ 27 ጊዜ የመጨረሻ ስለሆኑበት ሁኔታ ማብራሪያ መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከጉልበቴና ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትዎ በስተቀር» ማለት ነበረብኝ፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ከትናንት በስቲያ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ የመጨረሻው መብራት እስኪጠፋ አብረን ነበርን፤ እንዴት አድርጌ ልናፍቅዎ?

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ከመስኮቱ ውጭ በግራ ገብቼ በቀኝ የምወጣው ሰማያዊ ሹራብ ነኝ። ስም አለኝ፤ ያን ቀን ግን በስሜ የጠራኝ አልነበረም። «ሰማያዊ ሹራብ፣ ቀስ በል!» «ሰማያዊ ሹራብ፣ ካሜራውን አትየው አልኩህ እኮ!» «ሰማያዊ ሹራብን ያየ አለ?» ሲባል ውሎ፣ ከሰዓት በኋላ አንዱ በአጭሩ «ሰማያዊ!» ብሎ ሲጣራ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ይመስል «አቤት!» ብዬ ተነሣሁ። የሥራ መደቤ የፊልም ኤክስትራ ነው። ቃሉ ሲተረጎም ትርፍ ማለት ነው፤ ይኸውም ሲኖር የማይታይ፣ ሲታጣ ግን ቀረጻ የሚያስቆም ሰው።

ከዚያ በፊትም በሩቁ እንተዋወቅ ነበር። ጃኬቱን ለብሶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሊወጣ የተነሣ ጠጪ አፍ ላይ አግኝቼዎታለሁ። ሙሽሮቹን ፀሐይ ላይ አቁሞ ዓይኑን ከካሜራው የማያነሣ ፎቶ አንሺ ሲጠራዎትም ሰምቻለሁ። መኝታ ጠልቶ ተረት የሚለምን ሕፃንም ወዳጅዎ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ እነዚህ ሁሉ ጀማሪዎች ናቸው። ጠጪው ቢበዛ ሦስቴ ቢጠራዎ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምላሱም አይታዘዘው። የሥልጣንዎን ስፋት በትክክል ያወቅሁት ፊልም ቀረጻ ላይ ነው።

ጥሪው ለሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። በሰዓቱ ደረስኩ። በሰዓቱ የደረስነው ደግሞ እኛ ትርፎቹ ብቻ ነን። መጀመሪያ የተቀበሉን እርስዎ ሳይሆኑ የቅርብ ዘመድዎ «አምስት ደቂቃ» ናቸው። እሳቸው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አብረውን ቆይተው ሲሰናበቱ «ዝግጁ ሁኑ» መጡ። «ዝግጁ ሁኑ» ቆመው ቆመው ሲደክማቸው «አሁን አሁን» ተተኩ። በዚህ መሃል ፀሐይዋ ማንንም ሳትጠይቅ ወጣች። በዚያ ግቢ ውስጥ በሰዓቷ የሠራች እሷ ብቻ ናት፤ እሷም በኋላ እንደማወጋዎት በደመና ሰበብ ስታምታታን ዋለች።

ሦስት ቅያሪ ልብስ ይዛችሁ ኑ ተብለን ነበር። ነጭ አይሁን፣ ብርሃን ይመልሳል፤ ቀይ አይሁን፣ ዓይን ይስባል፤ ደቃቅ መስመር ያለው አይሁን፣ ካሜራ ላይ ይርገበገባል፤ ጽሑፍ ያለበትማ በጭራሽ። ሌሊቱን ቁም ሣጥኔን ስገለብጥ አድሬ፣ ሦስት ልብስ መርጬ፣ ተኩሼ ይዤ ቀረብኩ። የአልባሳት ኃላፊዋ አንዱንም ዘርግታ አላየችው። ለብርዱ ደርቤው የመጣሁትን፣ ክርኑ የሳሳውን የሱፍ ሹራብ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ «ይሄ ይሁን» አለች። ታሪኩ በብርድ ወራት የሚሆን ነው ለካ። ቀኑ ግን ታሪኩን አላነበበውም፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሹራቡ ውስጥ ተቀቅዬ ነበር።

ከጎኔ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። በሥራው ብዙ ዓመት መቆየታቸውን ታጣፊ ወንበራቸው ይመሰክራል፤ ሌሎቻችን ድንጋይ ላይ ነን።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጀመረው?» አልኳቸው።

«ተጀምሯል እኮ ልጄ» አሉኝ። «ሥራህ መጠበቁ ነው። ስትራመድ ዕረፍት ላይ ነህ።»

ቀጥለውም ጠጋ ብለው የሙያውን ምስጢር አካፈሉኝ። «ፊትህን ለካሜራ አትስጥ። ፊትህ አንዴ በደንብ ከተያዘ ሌላ ትዕይንት ላይ አያስገቡህም፤ ተመልካቹ ‹ይሄ ሰውዬ ቅድም ምግብ ቤት አልነበረም?› ይላል። እኔ በአንድ ፊልም ውስጥ ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ፣ ችሎት ታድሜያለሁ፣ ሠርጉም ላይ አጨብጭቤያለሁ። ሁሉንም በጀርባዬ!»

ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ፊልም ላይ ታዩኛላችሁ» ብዬ ለመጣሁት ለእኔ ይህ ምክር እንዴት እንደሚዋጥ ይገምቱት።

ትዕይንቱ እንዲህ ነው። ሁለቱ መሪ ተዋንያን ምግብ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይለያያሉ። እሷ አንገቷን ትደፋና «በቃ፣ ይህ የመጨረሻችን ነው፤ መቼም አልመለስም» ትለዋለች። (ቤተሰብዎ ጽሑፉ ውስጥም ቦታ እንዳላጣ ልብ ይሏል።) እሱ «እሺ» ይላል። እኔ በዚህ ጊዜ አረንጓዴ ሻርፕ ካደረገች ሴት ጋር እያወራሁ በመስኮቱ ውጭ አልፋለሁ። 12 እርምጃ። ሌላ የለውም።

እያወራሁ ስል አፌን እያንቀሳቀስኩ ማለቴ ነው። የትርፍ ሰው ድምፅ አይፈለግም። በቀረጻው ጊዜ የሚቀዳው የመሪዎቹ ንግግር ነው፤ የሕዝቡ ጫጫታ በኋላ ተሠርቶ ይጨመርበታል። ውስጥ የተቀመጡትም እንደኛው ናቸው፤ ያለ ድምፅ ይንከተከታሉ፣ ያለ ድምፅ ይጨቃጨቃሉ። የጫማቸው ሶል እንዳያንኳኳ ሥሩ ላይ ስስ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። ውስኪ የሚመስለው የቀዘቀዘ ሻይ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው በረዶም ፕላስቲክ ነው፤ የእውነቱ በረዶ በሁለተኛው ሙከራ ይቀልጣል፣ ሲነካም ይንቃጨላል። በዚያ አካባቢ የእውነት የነበረው የእኔ ላብ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ እንከን አልወጣለትም። ዳይሬክተሩ «ካት! በጣም ቆንጆ!» አለ። ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። እኔም «ይኸው ነው እንዴ?» ብዬ ቦርሳዬን ላነሳ ስል ረዳት ዳይሬክተሩ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠግቶ «እሺ፣ ለማስተማመኛ፣ አንድ የመጨረሻ!» አለ።

በአካል የተገናኘነው ያኔ ነው፣ ክቡር ሆይ።

ሁለተኛው ላይ አውሮፕላን አለፈ። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሰማይ ሲያይ፣ እኛም ለቅጣት የተሰለፍን ይመስል አብረነው አንጋጠጥን። አንድ የመጨረሻ! ሦስተኛው ላይ መሪ ተዋናዩ የሚለው ጠፋበት። የሚለው «እሺ» ነበር። አንድ የመጨረሻ! አራተኛውን ማን እንዳበላሸው ማንሣት አሁን አይጠቅምም። (እኔ ነኝ። ካሜራውን አየሁት። ሰው አትይ ሲባል ምን ያድርግ?) አምስተኛው ላይ ደመና መጣ፤ ስድስተኛው ላይ ደመናው ገለል አለ። ለእኛ ለተራው ሰው ይህ ተራ ነገር ነው፤ ለካሜራ ግን እሷ በጥላ ተናግራ እሱ በፀሐይ ሊመልስላት አይችልም። አንድ የመጨረሻ! አንድ የመጨረሻ!

ኪሴ ውስጥ ክብሪት ነበረኝ። እርስዎ በተጠሩ ቁጥር አንድ እንጨት ከግራ ኪሴ ወደ ቀኝ ኪሴ ማዛወር ጀመርኩ። ስለዚህ 27 የምለው በግምት አይደለም። ሹራብ ኪስ የለውም ብለው እንዳይከራከሩኝ፣ የሱሪዬን ኪስ ነው።

ከእርስዎ ቀጥሎ የማልረሳት ኮንቲኑቲ የምትባለውን ሥራ የያዘች፣ ደብተር ከእጇ የማይለይ ልጅ ናት። ሥራዋ ዓለም በሁለት ሙከራዎች መካከል ፍንክች እንዳትል መጠበቅ ነው። ሲጋራው ምን ያህል ነድዶ ነበር፣ የብርጭቆው ሻይ እስከ የት ነበር፣ ፀጉሯ በየትኛው ጆሮዋ ኋላ ነበር። እኔንም ጠራችኝ።

«ሰማያዊ፣ ቅድም ተዋናይቷ ‹መቼም› ስትል ቀኝ እግርህ መስኮቱ መሃል ነበር። አሁን ግራህ ነው።»

እግዜር ያሳይዎት! የገዛ እግሬን እኔ ተከታትዬው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ «መቼም»ን አድፍጦ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። ችግሩ፣ ከመስታወቱ ውጭ ድምፅ አይሰማም። እንዳልሰማ መስታወቱ አለ፤ ከንፈሯን ልይ ብል ወደ ካሜራው መዞር ይሆናል፤ መዞር ደግሞ ያስጮኻል። በመጨረሻ አረንጓዴ ሻርፕ መላ መታች። እሷ በመስታወቱ በኩል ስለምትሄድ በዓይኗ ጠርዝ ታይና፣ «መቼም» ስትደርስ ክርኔን ነካ ታደርገኛለች። በዚህ ተስማማን። ክርኑ የሳሳው በሷ ይመስል።

ከምሳ በኋላ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ሆነ። የጠዋቱ ልፋት ሁሉ ለካ ለሰፊው ምስል ነበር። አሁን ካሜራው ቀርቦ የእሷን ፊት ብቻ ሊይዝ ነው፤ ቀጥሎ የእሱን። በየመሃሉ መብራት ይነቀላል፣ መብራት ይተከላል፣ ገመድ ይዘረጋል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይጮኻል። ካሜራው በዞረ ቁጥር እርስዎ እንደ አዲስ ይወለዳሉ፤ የሰፊው የመጨረሻ፣ የቅርቡ የመጨረሻ፣ የእሷ የመጨረሻ፣ የእሱ የመጨረሻ። የእሱ ተራ ሲደርስ ካሜራው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። መስኮቱ ጭራሽ አይታይም። ደስ ብሎኝ ወደ ድንጋዬ ስሄድ «ሰማያዊ! ወደ ቦታህ!» ተባለ። ለምን? ጥላችሁ ግድግዳው ላይ ያልፋል።

ጠዋት ሰው ሆኜ ገብቼ፣ 9 ሰዓት ላይ ወደ ጥላነት ዝቅ አልኩ። ጥላው ደግሞ ፈጠነ ተብሎ ተደገመ።

ተቀምጠን ስንጠብቅ የዘር ሐረግዎን በስልኬ ሳጣራ ነበር፤ ሰው ጠላቱን ማወቅ አለበት። ዕድሜዎ ከሲኒማ ዕድሜ ጋር እኩል ሆኖ አገኘሁት። ፈረንሳዊዎቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች በፈረንጆች 1895 ካሜራቸውን ሊዮን ከሚገኘው ፋብሪካቸው በር ፊት ተክለው ሠራተኞቹ ሲወጡ ቀረጹ። ከአንድ ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ነው። የዚህ ፊልም ሦስት ዓይነት ቅጂ አለ፤ በአንዱ ጋሪውን አንድ ፈረስ ይጎትታል፣ በሌላው ሁለት፣ በሦስተኛው ፈረስም የለ። ሦስት ጊዜ ነዋ የወጡት! ልብ ይበሉ፣ ሠራተኞቹ የሚፈለግባቸው ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤት መሄድ ብቻ ነው። ከዚህ የቀለለ የትወና ሥራ በምድር ላይ የለም። እሱም ተደገመ። በዚያ በር ላይ ቆመው «አንድ የመጨረሻ» ያሉት እርስዎ እንደሆኑ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለኝ።

ቻርሊ ቻፕሊን ደግሞ በፈረንጆች 1931 ለዕይታ ባበቃው ፊልም ዓይነ ስውሯ ልጅ አበባ የምታቀርብለትን ትዕይንት 342 ጊዜ እንዳስደገመ በክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። ልጅቱ የምትለው አጭር ቃል ናት፤ ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለሆነ እሷም አትሰማም። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የእኔ 27 አሳፈረችኝ። ክብሪቱም አይበቃም ነበር።

አንድ ቀን ብቻ የተሸነፉ ይመስለኛል። ጥር 23 ቀን 1973 ነው፤ በፈረንጆች ጃንዋሪ 31 ቀን 1981፣ ዴልሂ ውስጥ የጋንዲ የቀብር ሥነ ሥርዓት ለፊልም ሲቀረጽ ከ300,000 በላይ ሰው ወጣ። ያ ሁሉ ሕዝብ ፊልሙ ላይ የሚቆየው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ሦስት መቶ ሺህ ሰው «አላማረም፣ ወደ መነሻችሁ ተመለሱ» የሚል ደፋር ይኖራል ብዬ አላስብም። ለሠላሳ ሰው ግን ክቡርነትዎ አንበሳ ነዎት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሲመሽ የክፍሉ ዝምታ ይቀዳል ተባለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው፤ በኋላ ንግግሩ ሲቆራረጥና ሲቀጣጠል በመሃሉ የሚሞላው እሱ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ባለበት ደርቆ አንድ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። እኛንም አስገቡን። አርባ ሰው ትንፋሹን ውጦ ቆመ። ገመድ የተሸከመው ልጅ ከነገመዱ፣ የሜካፕ ባለሙያዋ ብሩሽዋን አየር ላይ አንጠልጥላ። አንድ ዝንብ ብቻ መሪ ተዋናዩ ግንባር ላይ ትራመዳለች፤ እሷን ማን ይከለክላል? ሃምሳ ሴኮንድ ላይ ሲደርስ የአንድ ሰው ሆድ ከሥር ከመሠረቱ ጮኸ። ረጅም ነው፤ መነሻ፣ መካከልና መድረሻ ያለው ጩኸት። ሁላችንም ወደ ጋሼ አየን። ጋሼ ወደ እኔ አዩ። ድምፅ ቀጂው ልጅ ማዳመጫውን ሳያወልቅ ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ፣ አንድ የመጨረሻ!»

ዝምታም ተደገመ፣ ክቡር ሆይ። ምንም ያለማድረግን ነው ያስደገሙን። ያቺ እንጨት ሃያ ስድስተኛዋ ናት።

ይህን ሁሉ ስል ከሥልጣንዎ ይውረዱ ማለቴ አይደለም። ያ ረዳት ጠዋት «ገና አርባ ጊዜ ትመላለሳላችሁ፣ ከዚያ ጥላ ትሆናላችሁ፣ ከዚያ ዝም ትላላችሁ» ብሎ እቅጩን ቢነግረን ምግብ ቤቱ ባዶውን ይቀር ነበር። እርስዎ ግን አንድ አንድ እያሉ አሻገሩን። የሚያናድደኝ መዋሸትዎ ሳይሆን ማመኔ ነው። ሃያ ሰባቱንም ጊዜ አመንኩዎ! በተጠሩ ቁጥር ወገቤ ቀና ይላል፣ ሹራቤን ወደ ታች እስባለሁ፣ «በሉ ይቺን በደንብ አድርገን እንገላገል» እላለሁ። ሃያ ሰባተኛው ላይ እንኳ ለአረንጓዴ ሻርፕ እንዲሁ አልኳት። እሷ መልስ አልሰጠችኝም፤ በዓይኗ ብቻ ከእግር እስከ ራሴ ለካችኝ።

በነገራችን ላይ ከእሷ ጋር ስንሄድ እኔ አፌን የማንቀሳቅሰው ቁጥር በመቁጠር ነበር። እሷም እንደዚያው መስሎኝ በየመሃሉ ፈገግ እልላት፣ ራሴን እነቀንቅላት ነበር። ማታ ላይ ስጠይቃት «አንተ ደግሞ! የቤት አከራዬን ጉዳይ ከነሥሩ ስነግርህ ነው የዋልኩት» አለችኝ። «እኔ በሐዘን አልቅስ አልቅስ እያለኝ ሳወራህ አንተ ትስቃለህ።»

እውነተኛው መጨረሻ እንዴት እንደመጣ ግን ልንገርዎ፤ እርስዎ አልነበሩማ። ከዝምታው በኋላ ወደ ውጭ ተመልሰን ነበር። ሃያ ሰባተኛው ተጠራ፣ ሄድን። ተመለስን። ቀጥሎ ረዳቱ ድምፁ ስለተዘጋ ስምዎን አልጠራም፤ በእጁ ብቻ ሂዱ አለን። ደክሞኛል። «መቼም»ን አልጠበቅሁም፣ አረንጓዴ ሻርፕም ክርኔን አልነካችም፤ የእውነት ስለ አከራይዋ እየጠየቅኳት፣ ጆሮዬን እያከክሁ አለፍኩ። ከዚያ እንደ ልማዳችን ዞረን መነሻችን ላይ ቆምን።

ቆምን። ቆምን። ውስጥ መብራት ጠፋ፤ ሌላ መብራት ሊተክሉ ነው አልን። ሰው ሲተቃቀፍ በመስታወቱ አየን፤ አንዱ የልደት ቀኑ ይሆናል አልን። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆምን ገመድ ተሸካሚው ልጅ ጥቅሉን በትከሻው አድርጎ በአጠገባችን ሲያልፍ ገረመው።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«አንድ የመጨረሻ» አልነው፣ ሁለታችንም እኩል።

«ጨርሰናል እኮ!» ብሎ ሄደ።

ከመውጣቴ በፊት ካሜራማኑን ለምኜ በትንሿ ስክሪን ላይ አሳየኝ። ትኩረቱ ሁለቱ ፊቶች ላይ ስለሆነ ከኋላ ያለው ሁሉ የደበዘዘ ቀለም ነው። በእሷ ጆሮና በእሱ አፍንጫ መካከል አንድ ሰማያዊ ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ። ሁለት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነውና 48 ምስል ሙሉ ሰማያዊ ነኝ። ጋሼ በትከሻዬ ላይ አዩና «ጎበዝ፣ ፊትህ የለም» ብለው አመሰገኑኝ። ዳይሬክተሩ የመረጠው ጆሮዬን የማክበትን መሆኑንም ካሜራማኑ ነገረኝ። በጣም ተፈጥሯዊ ነው አሉ።

ይህን ደብዳቤ እዚህ ላይ ልቋጨው ነበር። አሁን ግን ስልኬ መልእክት አስገባ፤ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

«ሰማያዊ ሹራብ፣ እንዴት ነህ? ነገ ሌሊት 11 ሰዓት። አንድ የመጨረሻ ቀን ቀርቶናል። ሹራቡ እንዳይታጠብ።»

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ሰማያዊ ሹራብ

ግልባጭ፦
ለክቡር «አምስት ደቂቃ»
ለክቡር «ዝግጁ ሁኑ»
ለአረንጓዴ ሻርፕ (የአከራይዋን ጉዳይ ነገ ከመጀመሪያው እንድትነግረኝ)